ለመስማት፣ ልቀቂ

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን ነው። ወገቤ ላይ የሰካኋት ሬዲዮ ሁለት ጊዜ «ቲት ቲት» አለች፤ ቀጥሎ የነፋስ ድምፅ፣ ከዚያ ደግሞ የማላውቀው ሰው፦ «ሄሎ? ዴሊቨሪ።» ዙሪያዬን አየሁ። መጋዘኑ ውስጥ ሬዲዮ የያዝን ሰባት ሰዎች ነን። ሁላችንም ሰምተናል። ማንም አልመለሰም።

መጋዘኑ ያለው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ስፕሪንግፊልድ አካባቢ ነው። ሴራሚክ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ፣ በርና መስኮት ይገባበታል፣ ይወጣበታል። ደንበኛ የሚመጣው በፊት ለፊት ነው። የጭነት መኪና ግን በጀርባ ዞሮ ወደ ታጠረው ግቢ ይመጣል። ከግቢው በር እስከ እኛ ድረስ 80 ሜትር ገደማ ኮንክሪት አለ። በሩ አጠገብ፣ ብረት ምሰሶ ላይ፣ የጫማ ካርቶን የምታክል ግራጫ ሣጥን ተሰቅላለች። አንድ ቁልፍ አላት፣ ድምፅ የሚወጣበት ወንፊት አላት፣ ከሥሯ «እርዳታ ከፈለጉ ይጫኑ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተለጥፏል። በቃ። ካሜራ የላት፣ ስክሪን የላት፣ ሽቦ የላት።

ሽቦ ለምን እንደሌላት ሱፐርቫይዘሬ ነገረኝ። ሽቦ ለመዘርጋት ያን ሁሉ ኮንክሪት መሰንጠቅ፣ ቱቦ መቅበር፣ መልሶ መድፈን ሊያስፈልግ ነው። ሣጥኗ የጠየቀችው አራት ብሎን ብቻ ነው። ሆዷ ውስጥ ያለው እኛ ከያዝነው ጋር አንድ ዓይነት ሬዲዮ ነው፤ የምትሠራውም በባትሪ ድንጋይ ነው። አዎ፣ አገር ቤት ቴፕ ውስጥ የምንከተው ያ ወፍራሙ ባትሪ ድንጋይ። እንግዳው ቁልፉን ሲጫን እሷ ወደ ሁላችንም ሬዲዮ ትጣራለች። ከመካከላችን አንዱ ይመልሳል። መግባት ያለበት ከሆነ በሩን እንከፍትለታለን።

አሜሪካ ውስጥ የሬዲዮ ሞገድ የሚቆጣጠረው ኤፍሲሲ የሚባለው መሥሪያ ቤት ለእንዲህ ዓይነቱ አጭር ርቀት ያለ ፈቃድ የሚሠራባቸው 5 ቻናሎች ለቋል፤ ጉልበታቸው ከ2 ዋት አይበልጥም። እኛም ከእነሱ በአንዱ ላይ ነን። ፈቃድ ስለማያስፈልገው ሌላውም ሰው ይጠቀምበታል፤ አንዳንዴ የማናውቀው ሰው ድምፅ ጣልቃ ገብቶ «ሦስተኛው ረድፍ ላይ ውሃ ፈሷል» ይለናል። እኛ ሦስተኛ ረድፋችን ደረቅ ነው።

ዋናው ነገር ግን ይኼ ነው፦ ሬዲዮዋ እንደ ስልክ አይደለችም። በስልክ ሁለት ሰው እኩል ማውራት፣ እኩል መሳቅ፣ እኩል መጯጯህ ይችላል። እዚህ ያለው መንገድ ግን አንድ መኪና ብቻ እንደሚያሳልፍ ድልድይ ነው። አንዱ ሲያልፍ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። የሬዲዮዋን ጎን ስጫን እናገራለሁ፣ ስለቅ እሰማለሁ። እየተጫንኩ መስማት አልችልም። እኔ እያወራሁ ሰውየው ሣጥኗ ፊት ቆሞ ቢጮህ እንኳ ድምፁ እኔ ጋ አይደርስም። የሱፐርቫይዘሬ ትምህርት ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። «ለመናገር ተጫኚ፣ ለመስማት ልቀቂ» አለኝና ወደ ሥራው ሄደ።

ሰባት ሰው እኩል የሚሰማው ጥሪ የማንም ጥሪ አይደለም። ሁሉም ሌላው ይመልሳል ብሎ ይጠብቃል። አዲስ የሆነ ሰው ደግሞ ዝም ማለት የሚፈቀድለት አይመስለውም። በሁለተኛው ሳምንት ሣጥኗ የእኔ ሆነች። ማንም አልሾመኝም፤ «ቲት ቲት» ሲል ሰው ሁሉ እኔን ያያል፣ አለቀ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቻት ነበር። በዲቪ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ፊት ለፊት ሲሆን እንግሊዝኛ ቢያጥረኝ እጄ አለ፣ ፊቴ አለ፣ ጣቴን ቀስሬ «ያ፣ ያኛው» እላለሁ። በሣጥኗ ግን ያለኝ ድምፄ ብቻ ነው። «ምን አልሽ?» ይሉኛል። እደግማለሁ። «ምን?» አሁንም እደግማለሁ። አንዱ ሹፌር አንድ ቀን ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀና «እንግሊዝኛ የሚችል ሰው አለ?» አለ። ያን የሰማነው ሰባታችንም ነን። ያን ቀን መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጥቤ ነው የወጣሁት።

ከዚያ በኋላ ሦስት አረፍተ ነገር መረጥኩ። አንደኛው «የቀጠሮ ቁጥርዎን ይንገሩኝ» የሚል፣ ሁለተኛው «በሩ ይከፈታል፣ ወደ ማራገፊያ ቁጥር ሁለት ይሂዱ» የሚል፣ ሦስተኛው ደግሞ «ዛሬ ዘግተናል፣ ነገ ከጠዋቱ 7 ሰዓት ጀምሮ ይመለሱ» የሚል። አውቶቡስ ላይ፣ ሻወር ውስጥ፣ እንጀራ እያሞቅኩ አጠናኋቸው። የቴሌቪዥን ዜና አንባቢዎችን ድምፅ ኮረጅኩ። ቃላቱን የት እንደማስረዝም፣ የት እንደምውጥ አወቅኩ። በሦስተኛው ወር ላይ «ምን አልሽ?» የሚለኝ ጠፋ። ሱፐርቫይዘሬ እንኳ «ሬዲዮ ላይ ሌላ ሰው ነሽ» አለኝ። ደስ አለኝ። ያቺን ሌላ ሰው ወድጃት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ቀጣዩ ነገር ሙሉ አይሆንም።

አባቴ ቃሊቲ ውስጥ ባለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ 19 ዓመት በር ጠብቋል። ዘበኛ ነበር። ትምህርት ቤት «አባትሽ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ «ፋብሪካ ነው የሚሠራው» እል ነበር። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። አንድ ጊዜ ክፍላችን በሙሉ በእግር ሲያልፍ አባዬ በሩ ላይ ካፖርቱን ለብሶ ቆሞ አየሁትና ዞር ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ አሰርኩ። ጫማዬ ማሰሪያ አልነበረውም።

አንዳንድ ቅዳሜ ምሳ አደርስለት ነበር፤ ያን ጊዜ ሥራውን አየሁት። የፋብሪካው በር ትልቅ ብረት ነው። መሃሉ ላይ ሰው አጎንብሶ የሚያልፍባት ትንሽ በር አለች፤ ትንሿ በር ላይ ደግሞ የእጅ መዳፍ የምታክል መስኮት። አባዬ መኪኖቹን በክላክሳቸው ያውቃቸዋል። «ይኼ የሥራ አስኪያጁ ነው፣ ይኼ ስንዴ ጭኖ የመጣው ነው፣ ይኼኛው እንግዳ ነው» ይላል ገና ሳያይ። እግረኛ ሲያንኳኳ ግን በመስኮቷ አጮልቆ አይመልስም። ትንሿን በር ከፍቶ፣ አጎንብሶ፣ ውጭ ይወጣል። ከዚያ ነው «እንዴት ዋልክ፣ ምን ልርዳህ?» የሚለው። ሥራ ፈላጊ በየቀኑ ይመጣል፣ በየቀኑም ሥራ የለም። ያንን «የለም» እንኳ ውጭ ወጥቶ ነው የሚናገረው።

ይኼን ሳወራ የድሮው በር ሁሉ ማር ነበር እያልኩ አይደለም። አንድ የክረምት ምሽት ልጅ ያዘለች ሴት ከዝናብ እንድትጠለል አስገብቶ የሦስት ቀን ደመወዝ ተቆርጦበታል። ያ ሁሉ ዓመት ብርድ ላይ መቆም ጉልበቱን ጨርሶታል፤ ዛሬ ደረጃ ሲወጣ ግድግዳ ይይዛል። እንደ እኛ ያለች ሣጥን ቃሊቲ ብትኖር ኖሮ አባዬ ብዙ ሌሊት ቁጭ ብሎ ባሳለፈ ነበር። ስለዚህ ሣጥኗን አልጠላትም። ያ ምሽት ሲመጣም ጥፋተኛዋ እሷ አልነበረችም።

ጃንዋሪ ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች ወርዷል፣ ነፋሱ የግቢውን አጥር ያፏጨዋል። በእነሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 6 ሰዓት አልፏል፤ ከ5 ሰዓት በኋላ ቀጠሮ የሌለው መኪና አናስገባም። እኔ የሴራሚክ ካርቶን እየቆጠርኩ ነው። «ቲት ቲት።»

ነፋስ። ከነፋሱ ሥር የተጎረደ የወንድ ድምፅ። «ሄሎ… ዶር… ክሎዝድ…»

በሩ ተዘግቷል እያለ ነው። መዘጋቱንማ እኔም አውቃለሁ። ተጫንኩና ሦስተኛውን አረፍተ ነገር በዚያ በምወደው ድምፄ ለቀቅኩት፦ ዛሬ ዘግተናል፣ ነገ ከጠዋቱ 7 ሰዓት ጀምሮ ይመለሱ።

እንደገና «ቲት ቲት»። «ኖ፣ ኖ… ዶር ክሎዝድ…» ገና ሁለት ቃል ሳይወጣው ተጫንኩ። ቀጠሮ ከሌለዎት ማስገባት አንችልም። መልካም ምሽት። ቆጠራዬን ረስቼው ስለነበር ካርቶኖቹን ከአንድ ጀመርኩ።

ሦስተኛ ጊዜ ጠራ። ይኼኛው ላይ ድምፅ አልነበረም። ነፋስ ብቻ። ተስፋ ቆርጦ ሄደ አልኩ።

ሃያ ደቂቃ ያህል አለፈ። ከዚያ ፎርክሊፍት የሚነዳው የኤልሳልቫዶር ልጅ ድምፅ ሬዲዮው ላይ መጣ። ቆሻሻ ሊያወጣ ወደ በሩ ሄዶ ነው። «እዚህ ሰው አለ። መሬት ላይ ተቀምጧል። ደም አለ።»

80 ሜትሩን እንዴት እንደሮጥኩት አላውቅም። ሰውየው ምሰሶውን ተደግፈው፣ ከሣጥኗ ሥር፣ ኮንክሪቱ ላይ ተቀምጠዋል። ግራ እጃቸውን በፎጣ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘውታል፤ ፎጣው ነጭ እንደነበር ያስታውቃል። ኋላ እንደነገሩኝ፣ ጭነቱን ሊፈትሹ የተሳቢውን የኋላ በር ከፍተው ሳለ ነፋሱ መትቶ እጃቸው ላይ ዘጋባቸው። ስልካቸው ጋቢናው ውስጥ ባትሪ ጨርሶ ነበር። ያዩት ብርሃን የእኛ ነበር፣ ያገኙት ቁልፍም የሣጥኗ።

ቀና ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ፊት ሲተያይ ሰከንድ አይፈጅም።

«ሐበሻ ነሽ እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ሣጥኗ ውስጥ የነበርሽው አንቺ ነሽ?»

አፌ አልታዘዝልኝ ብሎ በጭንቅላቴ መለስኩ።

«እኔ እኮ» አሉ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ፣ «ፈረንጅ መስለሽኝ ነው።»

ሦስት ወር ሙሉ ሻወር ውስጥ የለፋሁት ይኼን ለመስማት ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ምን ነበር ያሉኝ? በሩ ተዘግቷል ነው የሰማሁት» አልኩ።

«በሩ እጄ ላይ ተዘጋ ነው ያልኩት። ዶር ክሎዝድ፣ ማይ ሃንድ። እጄ ጋ ስደርስ አንቺ ታወሪያለሽ።»

አምቡላንስ እንጥራ ስንል እምቢ አሉ። እዚህ አገር አምቡላንስ የሚልከውን ቢል የሚያውቅ ሰው እምቢታቸው ይገባዋል። ሱፐርቫይዘሩ በራሱ መኪና ድንገተኛ ክፍል ወሰዳቸው። እኔ እስኪነሱ ድረስ ደህና እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ። ሲሄዱ «አይዞሽ» አሉኝ። ጣታቸው የተሰበረው እሳቸው፣ «አይዞሽ» የተባልኩት እኔ። ኋላ እንደሰማነው ሁለት ጣት ተሰብሯል፤ አንዱ ጋ ስድስት ስፌት አለ።

ሥራ ስጨርስ የእኛ ማታ 10 ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ያን ጊዜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይሆናል። አባዬ ጡረታ ከወጣም በኋላ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነሳው፤ የዘበኛ ዓይን አሁንም ሌሊት አያምንም። ደወልኩለት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ድምፄን እንዴት እንዳሳመርኩ ጭምር።

ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ስንት ጊዜ ጠራ?» አለኝ።

«ሦስት ጊዜ።»

«ሦስት ጊዜ የሚጠራ ሰው ችግር አለበት። ዕቃ ያመጣ ሰው ሁለቴ ጠርቶ ይሳደባል፣ ይሄዳል።»

«አንተ ብትሆን ወጥተህ ታየው ነበር» አልኩት።

«ሁልጊዜ አይደለም» አለ። «እኔም ያልወጣሁላቸው አሉ። ዝናብ ሲሆን፣ ሲደክመኝ፣ አለቃ ሲቆጣኝ። ያስገባኋቸውን ረስቻቸዋለሁ። ያልወጣሁላቸውን ግን አስታውሳቸዋለሁ።» ትንሽ ቆየና «አሁን በልተሽ ተኚ» አለኝ።

ያን ሌሊት አባቴን ይቅርታ ልጠይቀው የሚገባኝ ሌላ ነገር እንዳለ ትዝ አለኝ፤ ማሰሪያ የሌለው ጫማ። በማግስቱ ደወልኩና ነገርኩት። ሳቀ። «አይቼሻለሁ እኮ» አለኝ። «ውድቅት የሚጠብቅ ሰው ልጁን አያይም ብለሽ ነው?»

ከዚያ በኋላ ስለ ሬዲዮ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ነገር ቀልቤን ያዘው። ዲትሮይት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1928 የፖሊስ መኪኖቿ ላይ ሬዲዮ ስታስገባ መኪኖቹ መስማት ብቻ ነበር የሚችሉት፤ መመለስ አይችሉም። ጣቢያው ይናገራል፣ ፖሊሱ መልስ ካለው መኪናውን አቁሞ ስልክ ፍለጋ ይሄዳል። መኪናውም መልሶ መናገር የቻለበት የሁለትዮሽ ሬዲዮ ኒው ጀርዚ ውስጥ ባዮን በምትባል ከተማ የመጣው በ1933 ነው። ሰዎች ያን ዕቃ መልስ እንዲቀበል ለማድረግ ዓመታት ለፍተዋል። እኔ ያን ምሽት በአንድ አውራ ጣት ወደ 1928 መለስኩት። እኔ ጣቢያ ነበርኩ፣ ሰውየው ደግሞ ስልክ የሌለው መኪና።

በሳምንቱ ሱፐርቫይዘሬን ሣጥኗ ላይ ሌላ ወረቀት እንድንለጥፍ ጠየቅኩት። «እርዳታ ከፈለጉ ይጫኑ» ማለት አይበቃም፤ የሚጫነው ሰው ውስጡ ያለው መንገድ አንድ ብቻ መሆኑን በምን ያውቃል? በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ጻፍን፦ «ይጫኑ። ይናገሩ። መልስ ይጠብቁ። እኛ እየተናገርን ሳለ የእርስዎ ድምፅ አይሰማንም።» ከሥሩ ትንሽ ቦታ ተርፎ ስለነበር በእጄ ጽሕፈት አማርኛውን ጨመርኩ። ሱፐርቫይዘሬ ፊደሉን አይቶ «ምን ይላል?» አለኝ። «ያንኑ ነው የሚለው» አልኩት። በፕላስቲክ አስለብሰን ለጠፍነው።

መስማት የተሳነው ሰው ቢመጣ ወረቀቱም ሣጥኗም አይጠቅሙትም። ስለዚህ ሌላም ነገር ተስማማን፤ ሣጥኗ ጠርታ ድምፅ ከሌለ፣ ወይም አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ከጠራ፣ አንዳችን በእግራችን እንሄዳለን። ማን እንደሚሄድ ደግሞ በየሺፍቱ መጀመሪያ ይነገራል። ሰባት ሰው ከሚሰማው አንድ ሰው ስሙ የተጠራበት ጥሪ ይሻላል። እስካሁን ከሄድንባቸው ብዙዎቹ ጊዜያት ነፋስ፣ አንድ ጊዜ ሠፈሩን ያሳሳተ የፒዛ አድራሽ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ መጸዳጃ ቤት የፈለገ ሹፌር ነበር። 80 ሜትር ሄዶ መመለስ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

እኔም የመጀመሪያዋን አረፍተ ነገሬን ቀየርኩ። አሁን «ሄሎ፣ ደህና ነዎት? ምን ልርዳዎት?» ነው የምለው። ከዚያ ጣቴን አነሳለሁ። በልቤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እቆጥራለሁ። ሦስቱ ቁጥር ሲጀመር ዘላለም ይመስል ነበር፤ ዝምታው ያሳፍረኛል፣ እንግሊዝኛ የጠፋኝ ይመስላል። አሁን ለምጄዋለሁ። ሰው ብዙ ጊዜ ዋናውን ነገር የሚናገረው በሦስተኛው ላይ ነው። ድምፄም ተመልሷል፤ «ር»ዬ ትንከባለላለች፣ አንዳንዱ «ምን አልሽ?» ይለኛል፣ እደግምለታለሁ።

ማርች መጨረሻ ላይ፣ ገና በረዶው ሙልጭ ብሎ ሳይጠፋ፣ «ቲት ቲት» አለ።

«ሄሎ፣ ደህና ነዎት? ምን ልርዳዎት?» አልኩ። ለቀቅኩ። አንድ። ሁለት።

«ልጄ» አለ ሣጥኑ በአማርኛ። ሰባቱም ሬዲዮ ላይ ነው የተሰማው፤ ፎርክሊፍቱ ሳይቀር ቆመ። «ዶር ክሎዝድ?»

ቀጥሎ ሳቃቸው መጣ፤ ረጅም፣ የሚያስል፣ የሽማግሌ ሳቅ። ልመልስላቸው አውራ ጣቴን ወደ ቁልፉ ወስጄ ነበር። መለስኩት። ስቀው እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።